የሉተኗ ተማሪና የጅልባቡ ክርክር፦ ከአንድ ትምህርት ቤት በር እስከ ጌቶች ምክር ቤት

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴፕቴምበር 3 ቀን 2002፣ ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው ሉተን ከተማ፣ ዴንቢ የተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲሱን የትምህርት ዓመት ጀመረ። 14 ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሻቢና ቤገም በዚያ ቀን ከወንድሟና ከሌላ ወጣት ጋር መጥታ ርእሰ መምህርቷን ለማነጋገር ጠየቀች። የለበሰችው ሁለት ዓመት ሙሉ ስትማርበት የቆየችውን የደንብ ልብስ አልነበረም፤ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ የሰውነትን ቅርጽ የማያሳይ ሰፊ ጅልባብ ነበር። ርእሰ መምህርቷ ስላልተገኙ ያነጋገሯቸው ረዳት ርእሰ መምህሩ ናቸው። ወጣቶቹ ገና ከጅምሩ ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ ክስ አነሡ፤ ከዚህ ወዲያ ድርድር የለም አሉ። ረዳቱ አነጋገራቸው ማስፈራራት ያለበት ሆኖ ተሰማቸው። ልጅቷን ቤትሽ ሄደሽ የደንብ ልብስሽን ለብሰሽ ተመለሺ አሏት። እሷም ከወጣቶቹ ጋር ወጥታ ሄደች፤ በዚያ ትምህርት ቤት ትምህርቷን አልቀጠለችም።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ በመጨረሻም በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ሆኖ ይሠራ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደርሶ ማርች 22 ቀን 2006 ተቋጨ። ዛሬም ድረስ በብሪታንያ ስለ ሃይማኖታዊ አለባበስና ስለ ትምህርት ቤት በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው ይኸው ፍርድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚነገረው ተጣሞ ነው። ግማሹ «እንግሊዝ ጅልባብን ከለከለች» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «የደንብ ልብስ ከእምነት ይበልጣል ተብሎ ተፈረደ» ይላል። ፍርዱ ሁለቱንም አላለም። ትምህርት ቤቱ የረታው የጉዳዩ መሠረት ከክሱ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በጥንቃቄ ተጥሎ ስለነበረ ነው። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ልጅቷን ሁለት ዓመት ከትምህርት ገበታ ከመራቅ አላዳናትም። ይህን ጉዳይ ያጠና ሰው ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ መያዝ አለበት።

ትምህርት ቤቱ ምን ዓይነት ነበር?

ዴንቢ ከ11 እስከ 16 ዓመት ያሉ ወንዶችና ሴቶች አብረው የሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የሃይማኖት ትምህርት ቤት አልነበረም፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። በክርክሩ ዘመን ከተማሪዎቹ 79 በመቶ ገደማ ሙስሊሞች ነበሩ። ወላጆቻቸው በብዛት ከፓኪስታንና ከባንግላዴሽ የመጡ ሲሆኑ፣ በጠቅላላው ግን በግቢው ውስጥ 21 ብሔረሰቦችና 10 የሃይማኖት ክፍሎች ይቆጠሩ ነበር። ከ1991 ጀምሮ ትምህርት ቤቱን ይመሩ የነበሩት ወይዘሮ ያስሚን ቤቫን ራሳቸው ከቤንጋሊ ሙስሊም ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ወደ ብሪታንያ ከመምጣታቸው በፊት በሕንድ፣ በፓኪስታንና በባንግላዴሽ ኖረዋል። በአስተዳደር ቦርዱ ውስጥ ከ6ቱ የወላጅ ተወካዮች 4ቱ ሙስሊሞች ነበሩ፤ የሉተን መስጊዶች ምክር ቤት ሊቀ መንበርም የማኅበረሰቡ ተወካይ ሆነው ይቀመጡ ነበር።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩን ከሩቅ የሰማ ሰው እስልምናን የማያውቅ ነጭ አስተዳዳሪ በአንዲት ሙስሊም ልጅ ላይ ሕግ እንደጫነባት አድርጎ ይስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ክርክሩ በአብዛኛው በሙስሊሞች መካከል፣ «በቂ ሐያእ (ጨዋነት) ያለው ልብስ የቱ ነው?» በሚል ጥያቄ ላይ የተነሣ ነበር። የብዝኃ ባህል ክርክር «እኛ» እና «እነሱ» እየተባለ ሲነገር የሚጠፋው ይህ ነው፤ በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥም ሰፊ ልዩነት አለ።

የደንብ ልብሱ መመሪያ የተከለሰው በ1993 ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ የሥራ ቡድን አቋቁሞ ወላጆችን፣ ተማሪዎችንና መምህራንን አወያየ፤ የሦስት የአካባቢው መስጊዶችን ኢማሞችም አማከረ። ለሴቶች ሦስት አማራጭ ተፈቀደ። ከነዚህ አንዱ በደቡብ እስያ የተለመደው ሻልዋር ካሚዝ ሲሆን፣ ከኢማሞቹም ተቃውሞ አልቀረበበትም። ቀለሙና ጨርቁ ተወስኖ ሂጃብም ተፈቀደ።

ልብሱን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነው። ካሚዙ እጅጌ የሌለው፣ ሰፋ ያለ ቀሚስ መሳይ ልብስ ነው። አንገቱ አራት ማዕዘን ሆኖ ስለተቆረጠ የሸሚዙ ኮሌታና የትምህርት ቤቱ ከራቫት በግልጽ ይታያሉ። ከካሚዙ ሥር እጅጌው ረጅም የሆነ ነጭ ሸሚዝ ይለበሳል። ከታች ሻልዋሩ፣ ማለትም ላይኛው ሰፊ ሆኖ ወደ ቁርጭምጭሚት እየጠበበ የሚሄድ ሱሪ አለ። ሙቀት ካልሆነ በስተቀር ከላይ የትምህርት ቤቱ ሹራብ ይደረባል። የፈለገች ሂጃብ ትጨምርበታለች። ስለዚህ ከፊትና ከእጅ በቀር የሚታይ ገላ የለም ማለት ይቻላል። ይህንኑ ልብስ አንዳንድ የሂንዱና የሲክ ተማሪዎችም ይለብሱት ነበር። ለትምህርት ቤቱ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነበር፦ አንዲት ልጅ በሻልዋር ካሚዝ ብትታይ ሃይማኖቷ ምን እንደሆነ ከልብሷ ብቻ አይታወቅም።

ለማስመዝገብ ለሚመጡ ወላጆችና ልጆች መመሪያው አስቀድሞ ይብራራ ነበር። ሻቢና በሴፕቴምበር 2000 ስትገባ ሻልዋር ካሚዝ ለብሳ ገባች፤ ሁለት ዓመትም ያለ ቅሬታ ተማረችበት።

ታዲያ ጅልባቡ ለምን አልተፈቀደም?

በውጭ ላለ ሰው ጥያቄው ተራ ይመስላል። ሂጃብ ከተፈቀደ፣ ሻልዋር ከተፈቀደ፣ አንድ ረዘም ያለ ቀሚስ ምን ያመጣል? ትምህርት ቤቱ ያቀረበው መልስ በልብሱ ቁመት ላይ አልነበረም፤ በሌሎቹ ልጃገረዶች ላይ ስለሚያስከትለው ነገር ነበር። ጅልባብ ቢፈቀድ ሙስሊም ተማሪዎች «የበለጠ ሃይማኖተኛ» እና «ያነሰ ሃይማኖተኛ» ተብለው ይከፈላሉ የሚል ስጋት ነበረ። ስጋቱም ከአስተዳደሩ ብቻ የመነጨ አልነበረም። ጅልባብ መልበስ የማይፈልጉ ሙስሊም ልጃገረዶች ከተፈቀደ እኛም እንድንለብስ ግፊት ይደረግብናል ብለው ለመምህራኑ ነግረዋል። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ከአክራሪ ቡድን ናቸው የተባሉ፣ በአብዛኛው ወጣት ወንዶች የሆኑ ሰዎች ተሰብስበው ተቃውሞ ያሰሙበት ጊዜም ነበር፤ አንዳንድ ተማሪዎች በዚህ እንደተሸበሩ ለፍርድ ቤቱ ተነግሯል።

በልጅቷ በኩል ያለውም ክርክር ቀላል አልነበረም። እምነቷን በሐሰት ያዘችው ያለ ማንም አልነበረም፤ ፍርድ ቤቶቹ በሙሉ ቅን እምነት መሆኑን ተቀብለዋል። ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች ሴት ሻልዋር ካሚዝ በቂ አይደለም የሚሉ ሊቃውንትን አስተያየትም ወገኖቿ አቅርበዋል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በቂ ነው የሚሉትን አቀረበ። ዳኞቹ የትኛው የእስልምና ትርጓሜ ትክክል ነው ወደሚለው ውስጥ አልገቡም፤ ባለመግባታቸውም ደግ አደረጉ። አንድ እምነት በሕግ እንዲጠበቅ ብዙ ተከታይ ወይም የሊቃውንት ስምምነት ሊኖረው ግድ አይደለም። ከልብ መያዙ ይበቃል።

ሁለቱ የባከኑ ዓመታት

ከሴፕቴምበር 2002 እስከ ሴፕቴምበር 2004 ያለው ጊዜ በፍርድ ሐተታዎቹ ውስጥ በጥቂት አንቀጾች ያልፋል። የጉዳዩ ትልቁ ጉዳት ግን ያለው እዚያ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጅቷ እንድትመለስ ለቤተሰቡ ደጋግሞ ጻፈ፤ የትምህርት ባለ ሥልጣኑ ሠራተኞችም ገቡበት። የልጅቷ ጠበቆች «ትምህርት ቤቱ አባሯታል» ሲሉ፣ ትምህርት ቤቱ «አላባረርናትም፤ የደንብ ልብስ ለብሳ ትምጣ ነው ያልነው» አለ። እያንዳንዱ ወገን በሕግ ቋንቋ በያዘው አቋም ስለጸና መሐል ላይ የሚቆም ሰው ጠፋ። አባቷ ቀደም ብለው ሞተዋል፤ እናቷ እንግሊዝኛ አይናገሩም ነበር፤ እሳቸውም በ2004 አረፉ። ቤተሰቡን ወክሎ ይናገር የነበረው በ5 ዓመት ገደማ የሚበልጣት ወንድሟ ነው። የአስተዳደር ቦርዱ የቅሬታ ኮሚቴ ጉዳዩን አይቶ የርእሰ መምህርቷን ውሳኔ ያጸናው በኦክቶበር 2003 ነው፤ ልጅቷ ከትምህርት ከራቀች ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። የፍርድ ቤት አቤቱታው የገባው በፌብሩዋሪ 2004 ነው።

በአካባቢው ጅልባብ የሚፈቅዱ ሦስት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በመጨረሻም በሴፕቴምበር 2004 ከነሱ ወደ አንዱ ተዛውራ ጅልባቧን ለብሳ መማር ጀመረች። ይህ ዝውውር በ2002 መጸው ላይ ቢፈጸም ኖሮ የ14 እና የ15 ዓመት ዕድሜዋ በክርክር አያልፍም ነበር። ለምን አልሆነም? አንደኛው ምክንያት ወገኖቿ ጉዳዩን የመርህ ጉዳይ ማድረጋቸው ነው። ሌላው ደግሞ፣ በእኛ ግምት፣ ትምህርት ቤቱና የትምህርት ባለ ሥልጣኑ «ትመለስ» ከሚለው ደብዳቤ አልፈው «ካልሆነ በዚህ ሳምንት ውስጥ የት እናስገባት?» ወደሚለው ጥያቄ በፍጥነት አለመሄዳቸው ነው። ሕጋዊ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ልጅ ያለበት ክርክር በደብዳቤ ልውውጥ ፍጥነት መሄድ የለበትም።

ሦስቱ ፍርድ ቤቶች

ክሱ የተመሠረተው በአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9፣ ማለትም በሃይማኖት ነፃነት፣ እንዲሁም ለስምምነቱ በተጨመረው የመጀመሪያው ፕሮቶኮል አንቀጽ 2፣ ማለትም በትምህርት መብት ላይ ነው። እነዚህ መብቶች በብሪታንያ ፍርድ ቤቶች በቀጥታ ሊጠየቁ የቻሉት የ1998ቱ የሰብዓዊ መብቶች ሕግ በኦክቶበር 2000 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ነው። አንቀጽ 9 ሁለት ነገር ይለያል። ማመን ፍጹም መብት ነው፤ ማንም አይነካውም። እምነትን በአለባበስ፣ በአምልኮ ወይም በሥርዓት መግለጽ ግን የሌሎችን መብት ለመጠበቅና ለመሳሰሉት ዓላማዎች፣ በሕግና በተመጣጣኝ መጠን ሊገደብ ይችላል። ስለዚህ ዳኛው ሁለት ደረጃ ይወጣል፦ መጀመሪያ መብቱ ተነክቷል ወይ? ከተነካ ደግሞ መነካቱ በቂ ምክንያት አለው ወይ?

ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጁን 2004 ክሱን ውድቅ አደረገ። በማርች 2005 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገለበጠው፤ ተማሪዋን ወክለው የተከራከሩት የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ባለቤት ሼሪ ቡዝ ነበሩ። ይግባኝ ሰሚው ጅልባቡ የግድ ይፈቀድ አላለም። ያለው፦ ትምህርት ቤቱ የተነሣው ከተሳሳተ ቦታ ነው፤ መጀመሪያ «ልጅቷ መብት አላት» ብሎ ጀምሮ፣ ከዚያ መብቱን የምገድበው ለምንድን ነው ብሎ ደረጃ በደረጃ ራሱን መጠየቅ ነበረበት። ትምህርት ቤቶች ሊከተሉት የሚገባ የጥያቄ ቅደም ተከተልም ዘረዘረ።

የጌቶች ምክር ቤት አምስት ዳኞች ይህን አካሄድ አልተቀበሉትም። ሰብዓዊ መብት ተጣሰ ወይስ አልተጣሰም የሚለው የሚለካው በውጤቱ ነው፤ ርእሰ መምህርት እንደ ዳኛ በቅደም ተከተል አስባለች ወይስ አላሰበችም በሚለው አይደለም አሉ። ይህ ለትምህርት ቤቶች ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ውሳኔያቸው በወረቀት አሠራር ጉድለት ብቻ አይፈርስም ማለት ነውና።

አምስቱም ትምህርት ቤቱ ረቷል አሉ፤ የደረሱበት መንገድ ግን ተለያየ። ሎርድ ቢንግሃም፣ ሎርድ ሆፍማንና ሎርድ ስኮት መብቱ ጭራሽ አልተነካም አሉ። መመሪያውን አውቃ በፈቃዷ የገባችበት ትምህርት ቤት ነው፤ ጅልባብ የሚፈቅድ ሌላ ትምህርት ቤት ያለ ብዙ ችግር ማግኘት ትችል ነበር፤ አንቀጽ 9 ሰው በመረጠው ቦታና ጊዜ ሁሉ እምነቱን እንዲገልጽ ይፈቀድለት ብሎ አያስገድድም የሚል ነው ክርክራቸው። ሎርድ ኒኮልስና ባሮነስ ሄል በዚህ አልተስማሙም። ኒኮልስ በመሐል ትምህርት ቤት መቀየር ለአንድ ልጅ ያን ያህል ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም አሉ። ሄል ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ወላጆች ናቸው፤ ልጅ እያደገ ሲሄድ በወላጅ ምርጫ ላይ የራሱን እምነት ሊይዝ ይችላል፤ «አውቀሽ ነው የገባሽው» ማለት አይቻልም አሉ። ሁለቱም መብቱ ተነክቷል፣ ነገር ግን በበቂ ምክንያት ነው በሚል ተቋጨላቸው።

የሄል አስተያየት ከሁሉ የጠለቀ ይመስለናል። ለዐዋቂ ሴት ልብሷን የመምረጥ ነፃነት ማክበር ግድ ነው፤ ሌሎች ሰዎች ቅር መሰኘታቸው ልብሱን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም ይላሉ። ትምህርት ቤት ግን ይለያል። እዚያ ያሉት ገና ራሳቸውን እየሠሩ ያሉ ልጃገረዶች ናቸው፤ ከቤተሰብም ከእኩዮችም ግፊት አለባቸው። ትምህርት ቤቱ የሚጠብቀው ጅልባብ ልልበስ ያለችውን ብቻ ሳይሆን አልለብስም ማለት የምትፈልገውንም ነው። ሎርድ ቢንግሃምም ትምህርት ቤቱ የሙስሊሞችን እምነት የሚያከብር፣ ሁሉን የሚያቅፍና ፉክክር የማይፈጥር መመሪያ ለማውጣት እጅግ መድከሙን አድንቀው፣ ተማሪዎቹንና አካባቢውን በቅርብ የማያውቅ ፍርድ ቤት ይህን ውሳኔ ቢሽር ኃላፊነት የጎደለው ይሆናል ብለዋል። ገና ሲጀምሩም የሚታየው ጉዳይ የአንዲት ተማሪ፣ የአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ የተነሣ መሆኑን አስምረውበታል። በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ጅልባብ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለውን እየወሰንን አይደለም አሉ። በዚያው ሉተን ጅልባብ የሚፈቅዱት ትምህርት ቤቶች ከፍርዱ በኋላም ምንም የሚለውጡት ነገር አልነበራቸውም።

በ2004 በሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጎልተው የሚታዩ የሃይማኖት ምልክቶችን በጠቅላላ ከከለከለችው ፈረንሳይ ጋር ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ብሪታንያ አንድ ብሔራዊ መልስ አልሰጠችም፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከአካባቢው ጋር ተማክሮ እንዲወስን፣ ፍርድ ቤት ደግሞ ውሳኔው በቂ ምክንያት እንዳለው እንዲያይ ተወች። ዋጋ አለው፤ የአንዷ ልጅ መብት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለ ትምህርት ቤት ካለችው ልጅ መብት ሊለይ ይችላል። እንዲያም ሆኖ ከላይ ከሚወርድ ክልከላ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ የዴንቢ የ1993 ውይይት ዓይነት ነገር ከፓርላማ አይወጣምና።

ትምህርት ቤት የተረታበት ጉዳይ

ፍርዱ ለትምህርት ቤቶች ክፍት ቼክ መስሎ የታያቸው ነበሩ። በዌልስ አበርዴር በሚገኝ የሴቶች ትምህርት ቤት የደረሰው ይህን አስተካከለ። አንዲት የ14 ዓመት ሲክ ተማሪ የእምነቷ አንዱ ምልክት የሆነውን ካራ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላትን የብረት አምባር፣ አላወልቅም አለች። ትምህርት ቤቱ ጌጥ አይፈቀድም የሚለውን መመሪያ ጠቅሶ ከክፍል ለይቶ ለብቻዋ አቆያት፤ በኋላም አስወጣት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጁላይ 2008 ለተማሪዋ ፈረደላት።

ልዩነቱ ምን ነበር? ክሱ የቆመው በሰብዓዊ መብት ላይ ብቻ ሳይሆን በዘርና በሃይማኖት አድልዎ ሕግ ላይ ነው። ሲኮች በሕግ እንደ ብሔረሰብም የሚታዩት የጌቶች ምክር ቤት በ1983 በአንድ የጥምጥም ክርክር ከወሰነ ጀምሮ ነው። በአድልዎ ሕግ «ሌላ ትምህርት ቤት ሂጂ» የሚለው መልስ አይሠራም። አምባሯ ትንሽ ናት፤ በረጅም እጅጌ ሥር ትሸፈናለች። ከሁሉም በላይ ዴንቢ ያደረገውን ያ ትምህርት ቤት አላደረገም፤ መመሪያው በአናሳዎች ላይ ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ አላጠናም። ፍርዱን የሰጡት ዳኛ በ2007 ፊት የሚሸፍን ኒቃብ ልልበስ ባለች ተማሪ እንዲሁም እስከ ጋብቻ ድንግልናን ለመጠበቅ ቃል የተገባበትን «የንጽሕና ቀለበት» ላድርግ ባለች ክርስቲያን ተማሪ በቀረቡ ሁለት ጉዳዮች ትምህርት ቤቶች በረቱበት ዘመን የሠሩ ናቸው፤ የኒቃቡን የፈረዱት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ውጤቱ በዳኛው ዝንባሌ ላይ ሳይሆን በማስረጃው ላይ የተመሠረተ ነው።

ዛሬ እነዚያ የአድልዎ ሕጎች በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ተጠቃለዋል። አንድ መመሪያ ለሁሉም እኩል ቢሆንም አንድን የእምነት ክፍል ለይቶ የሚጎዳ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ሕጋዊ ዓላማና ተመጣጣኝ መንገድ መሆኑን ማስረዳት አለበት። አሁን ቢሆን የሉተኑ ክስም በዚህ በኩል ይመጣ ነበር።

«አውቀሽ ነው የገባሽው፣ ሌላ ቦታ መሄድ ትችያለሽ» የሚለው ክርክር ራሱ በጃንዋሪ 2013 ተሸርሽሯል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት የብሪታንያ አየር መንገድ ሠራተኛ የነበሩት ናዲያ ኢዌይዳ አነስተኛ መስቀል በግልጽ እንዳያደርጉ መከልከላቸው መብታቸውን ይነካል ሲል ፈረደ። ሥራ መቀየር መቻል ክሱን በር ላይ የሚያስቀር ምክንያት አይደለም፤ ሚዛን ላይ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ብቻ ነው አለ። በዚያው ፍርድ አንዲት የሆስፒታል ነርስ ግን ተረቱ፤ በአንገት የተንጠለጠለ ነገር በሽተኛ ሊይዘው ወይም ቁስል ሊነካ ይችላል የሚለው የደኅንነት ምክንያት በቂ ሆኖ ተገኘ።

ያም ሆኖ የሉተኑ ክርክር አልሞተም። በኤፕሪል 2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሰሜን ምዕራብ ለንደን ዌምብሊ የሚገኘው ማይኬላ ትምህርት ቤት በግቢው ጸሎትን መከልከሉን አጸና። ከ700 ያህል ተማሪዎቹ ግማሽ የሚሆኑት ሙስሊሞች ናቸው። ዳኛው ከሰጧቸው ምክንያቶች ዋናው ከሳሿ ሙስሊም ተማሪ የትምህርት ቤቱን ጥብቅ ሥርዓት አውቃ መግባቷና መዛወር መቻሏ ነው። በልጆች መካከል ግፊት ተፈጥሮ እንደነበርም ትምህርት ቤቱ ማስረጃ አቅርቧል። ከሉተን በ18 ዓመት ተለይቶ የቆመ ጉዳይ ቢሆንም አጥንቱ አንድ ነው።

«የጋራ እሴት» ከየት ይመጣል?

ከ2014 ጀምሮ በእንግሊዝ ያሉ ትምህርት ቤቶች «መሠረታዊ የብሪታንያ እሴቶች» የተባሉትን እንዲያራምዱ መመሪያ ወጥቶላቸዋል፤ ዴሞክራሲ፣ የሕግ የበላይነት፣ የግለሰብ ነፃነት፣ የተለየ እምነት ላላቸው ሰዎች መከባበርና መቻቻል ናቸው። በየኮሪደሩ በቀለማት ተጽፈው ይታያሉ። በሉተኑ ጉዳይ ግን ሦስት ነገሮች እርስ በርስ ሲጋጩ እናያለን፤ የሻቢና የግለሰብ ነፃነት፣ የሌሎቹ ልጃገረዶች የግለሰብ ነፃነት፣ በትምህርት ቤቱ ደንብ መገዛት። የትኛው ይቅደም የሚለውን ግድግዳ ላይ የተጻፈ ዝርዝር አይመልሰውም። የመለሰው ወላጅ፣ ኢማም፣ መምህርና ተማሪ ተቀምጠው እጅጌው ይርዘም፣ አንገቱ አራት ማዕዘን ይሁን፣ ሂጃቡ ይህ ቀለም ይሁን ያሉበት ሥራ ነው። ከራቫቱ ከካሚዙ አንገት በላይ እንዲታይ መደረጉ ከማንኛውም መፈክር በላይ አብሮ መኖር እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል፤ የትምህርት ቤቱ ምልክት አልጠፋም፣ የልጅቷም ሐያእ አልተነካም።

ሥራው ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም። በ1993 የተማከሩት ወላጆች ልጆች በ2002 የተማሩት አይደሉም፤ በመሐሉ በወጣት ሙስሊሞች ዘንድ ከወላጆቻቸው ባህላዊ ልብስ ይልቅ ጅልባብን የሚመርጥ አዲስ አስተሳሰብ መጥቶ ነበር። መመሪያው በየሦስት ወይም አራት ዓመቱ ተመልሶ ለውይይት ቢቀርብ ኖሮ ጥያቄው በሦስት ሰዎች ፊት ለፊት ግጭት ሳይሆን በስብሰባ ላይ ሊነሣ ይችል ነበር።

ለሐበሻ ቤተሰብ

በብሪታንያ ያሉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይህን ሕግ በሁለት በኩል ያገኙታል፤ በሙስሊም ልጆች ሂጃብና ረጅም ቀሚስ፣ በኦርቶዶክስ ልጆች ማተብ። ማተብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋጨው ጌጥ አይፈቀድም ከሚለው መመሪያና ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ጋር ነው። መምህሩ ክሩን እንደ ተራ ሐብል ያየዋል፤ ልጁም ማስረዳት ስለሚከብደው ዝም ይላል ወይም አላወልቅም ብሎ ይቀጣል። ለርእሰ መምህሩ አንድ ገጽ ደብዳቤ ቀድሞ መጻፍ ብዙ ያቃልላል፤ ማተብ በጥምቀት የሚታሰር የእምነት ምልክት እንጂ ጌጥ አለመሆኑን፣ በሸሚዝ ሥር እንደሚሸፈን ይግለጽ። የስፖርትን ነገር ግን አብሮ መፍታት ያስፈልጋል፤ አንገት ላይ ያለ ጠንካራ ክር ቢያዝ አደጋ አለው፤ የነርሷን ጉዳይ ያስረታው ይኸው ዓይነት ምክንያት ነው። ክሩን አሳጥሮ ከአንገት ሥር ማስጠጋት ወይም ለስፖርት ሰዓት በቀላሉ የሚበጠስ ቀጭን ክር መጠቀም ብለው ወላጆቹ ራሳቸው ሐሳብ ቢያቀርቡ ትምህርት ቤቱ እምቢ የሚልበት ምክንያት ይጠባል።

ካልተግባቡ ቅሬታው በጽሑፍ መጀመሪያ ለርእሰ መምህሩ፣ ቀጥሎ ለአስተዳደር ቦርዱ ይቀርባል። ጊዜው ግን ይሮጣል፤ በእኩልነት ሕጉ መሠረት የሃይማኖት አድልዎ ክስ ለካውንቲ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ድርጊቱ ከተፈጸመ በ6 ወር ውስጥ ነው። ውሳኔው በዳኛ ይመርመርልኝ የሚለው አቤቱታ ደግሞ ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በ3 ወር ውስጥ መግባት አለበት። በዚህ መሐል ልጁ ትምህርት ላይ መቆየት አለበት፤ ልብሱን ለጊዜው ተቀብሎም ቢሆን፣ «በተቃውሞ ነው የምንቀበለው» ብሎ በደብዳቤ አስፍሮም ቢሆን።

ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ የምርጫው ጊዜ አለ። በእንግሊዝ ለ7ኛ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ማመልከቻ የሚዘጋው ኦክቶበር 31 ነው። የሉተኑም የዌምብሊውም ፍርድ «አውቃችሁ ነው የገባችሁት» ለሚለው ክብደት ስለሰጡ፣ የየትምህርት ቤቱን የደንብ ልብስ መመሪያ ከድረ ገጹ አውርዶ ማንበብ፣ ሂጃብ፣ ረጅም ቀሚስ ወይም ማተብ በግልጽ ካልተጠቀሰ በኢሜይል ጠይቆ መልሱን ማስቀመጥ ከዚያ ቀን በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።